ከጣና ስንመለስ የምንቆጥራቸው ቀኖች

(የመክፈቻ ሙዚቃ)

 

የዛሬው ትምህርታችን ልጆቹንና አዛውንቶቹን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ለሚሄድ፣ በጀልባ ተሻግሮ የጣናን ገዳማት ለሚሳለም፣ ዘጌ ዘመድ ጋር ሰንብቶ ለሚመለስ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። የምንነጋገረው ስለ ትኩሳት ነው። በዕረፍት ጉዞ መካከል ልጅ ሲያተኩስ ምን ይደረጋል? ጉዞው አልቆ ሁሉም ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ ከተመለሰ በኋላ አንዱን ብርድ ብርድ ሲለውስ?

ከዝግጅታችን አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልን፦ ትኩሳት በቀን ይቆጠራል። ጣና ዳር የመጀመሪያዋን ሌሊት ካደራችሁበት ጀምሮ ትኩሳቱ በስንተኛው ቀን እንደመጣ እወቁ። ለሐኪሙም ሳትጠየቁ ንገሩት። «ከጣና ከተመለስን አሥር ቀናችን ነው» የምትል አጭር ቃል የምርመራውን አቅጣጫ ልትለውጥ፣ ሕይወትም ልታተርፍ ትችላለች።

ቀድመን ስለ ቦታው እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተጓዡ ልዩነቱን ሹራቡን በማውለቅ ያልፈዋል። ለወባ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የወባ ተሕዋስ ከሰው ደም ወደ ትንኝ ሆድ ከገባ በኋላ አድጎ ምራቋ ዘንድ እስኪደርስ ቀናት ያስፈልጉታል። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እድገቱ ይጓተታል፤ ትንኟም ለሌላ ሰው ሳታስተላልፈው ትሞታለች። ስለዚህ ደጋ ተወልዶ ደጋ ያደገ ልጅ ሰውነት ወባን አያውቃትም። ወባማ በሆነ አካባቢ ኖሮ በተደጋጋሚ የታመመ ሰው ጥቂትም ቢሆን የመቋቋም አቅም ያዳብራል። የደጋው ልጅ ይህ አቅም የለውም፤ ሕመሙ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊከብድበት ይችላል።

ወቅቱንም አስቡት። ጢስ ዓባይ በሙሉ ግርማው የሚወርደው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሜዳው ለምልሞ፣ አደይ አበባ ፈንድቶ፣ ሰዉ ለዓመት በዓል የሚጓዘውም በዚያው ሰሞን ነው። ዝናቡ ትቶት የሄደው ውኃ ግን በየጎድጓዳው፣ በየማሳው ዳርና አፈር በተቆፈረበት ሁሉ ይጠራቀማል። የአገራችን ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ አኖፌለስ አረቢየንሲስ፣ የምትራባው እንዲህ ባለ ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የለሽ ውኃ ውስጥ ነው። በአገራችን ወባ አብዝቶ የሚሠራጨው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜም ሌላ ዙር አለው። አገሩ እጅግ በሚያምርበት ወቅት ትንኟም ትበረታለች ማለት ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ የጣና ዳርቻ ሕዝብ ትኩሳትን የሚያውቃት ከጥንት ነው። ንዳድ ይላታል። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በወባ ክፉኛ ተመትቷል፤ ብዙ ሰው አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት፣ ከመከፈቱ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የደምቢያ እልቂት ነበር። ከዚያ ኮሌጅ የወጡ ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ተሠማርተዋል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የከፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወባ ከለመደችው ቆላ ወጥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የደጋና የወይና ደጋ አገሮች ላይ ተዛመተች። ዝናቡ ከወትሮው በዝቶ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ነበር። ወረርሽኙን ያጠኑት ባለሙያዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ብዙ ሰው ያለቀው ወባን በማያውቀው ሕዝብ መካከል በመግባቷ ነው። መንግሥት በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት አቋቋመ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ልናስፈራራችሁ ብለን አይደለም። ያን ጊዜ ያልነበረ ብዙ ነገር ዛሬ አለን። በጣት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ፈጣን መመርመሪያ በጤና ኬላ ሳይቀር ይሠራበታል። ፍቱን መድኃኒት አለ፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም የወባ መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሆኖም ወባ አልጠፋችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰውም ሞቷል። መድኃኒት ያለው በሽታ ሰው የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው ዘግይቶ ሲደርስ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን አንድ ቤተሰብ እናስብ። ምሳሌው ለትምህርት እንዲመቸን እኛው ያዘጋጀነው ነው፤ ነገሩ ግን በብዙ ቤት የሚደርስ ነው። አባት፣ እናት፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅና አያት በጳጉሜን ከአዲስ አበባ ተነሥተው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ያርፋሉ። ዓመት በዓሉን እዚያው ያከብራሉ። በአሥረኛው ቀን በጀልባ ዘጌ ተሻግረው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው ይመለሳሉ። ማታ ላይ ቤት ውስጥ የሚነጋገሩትን እንስማ።

አያት፦ ምን ሆነብኝ ይሄ ልጅ? እስቲ ግንባሩን ዳብሺው፣ እሳት ሆኗል እኮ።

እናት፦ ከጀልባው ስንወርድ ጀምሮ ራሴን እያለ ነው፣ እማዬ። ምሳውንም አልቀመሰ።

አያት፦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ! ምች ነው የመታው። ከጓሮ ዳማከሴ ቁረጡልኝ፣ አሽቼ ላሽተው። ላብ ሲያሰምጠው ይተወዋል።

አባት፦ ፓራሲታሞል ይዘን መጥተን የለም? እሱን እንስጠውና ጠዋት እናየዋለን። ለነገ ደግሞ ለጢስ ዓባይ መኪና ተነጋግሬያለሁ።

እናት፦ አሁን ሐኪም ቤት ብንወስደው አይሻልም?

አባት፦ በዚህ ምሽት? ድካም ነው፤ ይተኛበት።

ልጁ መድኃኒቱን ወሰደ። ትኩሳቱ በረደለት፤ ወተት ጠጣ፣ ሳቀም። ሁሉም እፎይ ብለው ተኙ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እናት የአልጋውን መንቀጥቀጥ ሰምታ ብድግ አለች። ልጁ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ጥርሱ ገጥሟል፣ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል። «ክብሪት አምጡ፣ አሽትቱት!» አለ አንዱ። ሌላው ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያ ያዘ። መንቀጥቀጡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቆመ። ልጁን አቅፈው፣ መኪና ያለው ጎረቤት ቀስቅሰው፣ ወደ ጤና ተቋም ገሰገሱ።

ነርስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እዚህ አስተኝው። ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?

እናት፦ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሲስተር።

ነርስ፦ ኗሪነታችሁ እዚሁ ነው?

እናት፦ አይደለም፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው። ከመጣን ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው።

ነርስ፦ አጎበር ውስጥ ነው የሚያድረው?

እናት፦ አጎበር አለ፤ ግን ይሞቀኛል እያለ እየገፈፈው…

ነርስ፦ ደሙን አሁኑኑ እናያለን። ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ።

ደሙ ሲታይ ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ነበር። ልጁ ስለተንቀጠቀጠ ሕመሙ እንደ ከባድ ወባ ተቆጠረ፤ አርቴሱኔት በመርፌ ተጀመረለትና ወደ ሆስፒታል ተላከ። ከቀናት በኋላ ድኖ ወጣ። የጢስ ዓባይ ጉዞ ቀረ፤ ልጁ ግን ተረፈ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከዚህች ሌሊት ብዙ እንማራለን። ከምች እንጀምር። አያት የተናገሩት ከእናት ከአያት የወረሱትን ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ራስ ምታትና ትኩሳት ሲመጣ ምች ማለት፣ ዳማከሴ ማሸት፣ በአገራችን የቆየ እንክብካቤ ነው። ዳማከሴውን አትከልክሏቸው። ነገር ግን ወባም የምትጀምረው በዚያው ምልክት ነው፦ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት፣ ትኩሳት፣ ማስታወክ። ዓይን አይቶ፣ እጅ ዳብሶ ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ደም ብቻ ነው። ስለዚህ ዳማከሴው እየታሸም ቢሆን ልጁ ወደ ምርመራ ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጠበሉም ይጠጣ፣ ደሙም ይታይ፣ የታዘዘው መድኃኒትም አይቋረጥ።

ሁለተኛው ፓራሲታሞል ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ የወባን ተሕዋስ አይነካም። ልጁ ሲስቅ ቤተሰቡ ተታለለ፤ በዚያው ሰዓት ተሕዋሱ በደሙ ውስጥ እየተባዛ ነበር። ስጡት፣ ይርዳው፤ ነገር ግን ትኩሳቱ መብረዱ ምርመራውን ለነገ የማሳደሪያ ምክንያት አይሁን። በወባ ሕክምና የሚታወቀው ሕግ ትኩሳቱ ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው መንቀጥቀጡ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ትኩሳት ሲበረታባቸው ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። ለወላጅ ከዚህ የሚያስደነግጥ የለም። ክብሪት አታሽትቱት፤ ጭሱ ምንም አይረዳውም። በአፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ፤ ጥርሱ ሊሰበር፣ መተንፈሻውም ሊታፈን ይችላል። አጥብቃችሁም አትያዙት። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ካለ አላሉት፣ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ እጅግ አስቸኳይ ነው። ቢቆምም እንኳ፣ ወባ ባለበት አገር አተኩሶት የተንቀጠቀጠ ልጅ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። አንጎልን የሚነካ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና።

እነዚህን የአደጋ ምልክቶች በቃላችሁ ያዙ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። ለአዋቂም እንዲሁ ነው፤ ንግግሩ ከተቀላቀለ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ቆሞ መሄድ ካቃተው አትጠብቁ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቀኑ ሂሳብ እንምጣ። እስክሪብቶና ወረቀት ካላችሁ አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ክፍል ከደረሳችሁበት ቀን እስከ ስድስተኛው ቀን ያለው ነው። ተሕዋስ የተሸከመች ትንኝ ስትነክሰን ተሕዋሱ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ጉበት ነው። እዚያ ተደብቆ ይባዛል፤ በዚህ ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ተሕዋሱ ወደ ደም ወጥቶ ትኩሳት እስኪያመጣ ድረስ ቢያንስ ሰባት ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ወባ ከሌለበት ደጋ የመጣ ልጅ በሁለተኛው ቀን ቢያተኩስ ምክንያቱ የዚህ ጉዞ ወባ ሊሆን አይችልም። የሳንባ ምች፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ጉንፋን፣ የአንጀት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከቤት ይዞት የመጣው ነው። ከዚህ በፊት ወባ ያለበት ሌላ አገር ሄዶ ከነበረ ግን ያም ይነገር። ይህ ሂሳብ ለሐኪሙ የሚነገር ነው እንጂ እቤት ተቀምጦ «ወባ አይደለም» ብሎ ለመተው አይደለም።

በእነዚህ ቀናት የተጓዥን ቤት አብዝቶ የሚያንኳኳው ተቅማጥ ነው። ሕፃን በተቅማጥ የሚሞተው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። የሚጠባ ልጅ ጡት አይቋረጥበት። ለሕፃናት ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም እንደ ውኃ መውረዱን ካላቆመ ግን ወደ ጤና ተቋም ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በሚገኘው የበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት የኮሌራ ወረርሽኝ መነሣቱ ይታወሳል። ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት የጉዞ ቦታ ሁሉ የምትጠጡትን ውኃ አፍሉ ወይም የታሸገ ያዙ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ሁለተኛው ክፍል ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ወር ያለው ነው። ዋናው ይህ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ወባ በአብዛኛው የሚታየው ከተነከስን ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። አሁን አስቡት፦ ብዙ ቤተሰብ ባሕር ዳር የሚቆየው አራት ወይም አምስት ቀን ነው። ትኩሳቱ ሲመጣ ጉዞው አልቋል፤ ሻንጣው ተራግፏል፤ ልጁ አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ያተኮሰውን ልጅ የሚያየው ሐኪምም ወባ በሌለበት ከተማ ስላለ መጀመሪያ ጉንፋን፣ ቶንሲል፣ ታይፎይድ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጉዞውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በር ስትገቡ «ከአሥር ቀን በፊት ጣና ዳር አድረናል፤ ደሙ ለወባ ይታይልን» በሉ። የመጀመሪያው ምርመራ ወባ የለም ቢል፣ ትኩሳቱም ካልተወው፣ ተመልሳችሁ ድጋሚ አስመርምሩ።

ወባ ከተገኘ ለቀላል ፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም ብለን የምናውቀው መድኃኒት ነው። በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ደኅና ሆንኩ ብሎ ማቆም፣ የተረፈውንም ለሚቀጥለው ሕመም ማስቀመጥ፣ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ሦስተኛው ክፍል ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ነው። ይህ የሚመለከተው በሐይቁ የዋኘውን፣ ዳር ዳሩን ውኃ ውስጥ ሲጫወት የዋለውን ልጅ ነው። በጣና ዳርቻ ብልሃርዚያ አለ። ተሕዋሱ በውኃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። መጀመሪያ ቆዳ ያሳክካል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ የሚቀመጥበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ልጃችሁ ዋኝቶ ከነበረ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰገራው ይመርመር። ፕራዚኩዋንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። በብልሃርዚያ ላይ የኢትዮጵያ ስም ከፍ ብሎ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቀ። ለመዋኘት ከፈለጋችሁ ሣርና ቄጠማ ከበዛበት ዳርቻ ራቁ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ሐይቁን ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ነው።

አራተኛው ክፍል ወራት ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ቁጠሩ። ቫይቫክስ የተባለው ወባ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል። መስከረም ላይ ባሕር ዳር የነበረ ሰው በየካቲት አዲስ አበባ ሆኖ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አንዴ ታክሞ ደሙ የጠራ ሰውም በጉበቱ የተኛው ካልጠፋ ያገረሽበታል። ለዚህ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል፤ ሳይጨርሱ ማቋረጥ አይገባም። ነፍሰ ጡር ሴትና ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን አይወስዱትም። በደማቸው ውስጥ ጂ6ፒዲ የተባለው ንጥረ ነገር የሚያንሳቸው ሰዎችንም ሊጎዳ ስለሚችል በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰድ።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለን። ለጥምቀት ጎንደር፣ ከዚያም ባሕር ዳር ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ፣ «እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አይነካኝም» አትበሉ። በወባ አገር ያደገ ሰው እንኳ ለዓመታት ሲርቅ የነበረው የመቋቋም አቅም ይደክማል። እዚያ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ምንም የላቸውም። ከመነሣታችሁ ሳምንታት አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ስለ ወባ መከላከያ ክኒን አማክሩ። ከተመለሳችሁም በኋላ ትኩሳት ቢመጣ ኢትዮጵያ እንደነበራችሁ፣ በየትኛው ከተማ ስንት ሌሊት እንዳደራችሁ ተናገሩ።

ወደ ጉዞው ዝግጅት እንለፍ። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘመድ ቤትም ሆነ ሆቴል ማታ ሳትተኙ ዘርግታችሁ ጫፉን ከፍራሹ ሥር አስገቡ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ዳርቻው ላይ መቀመጥ ደስ ይላል፤ በዚያን ሰዓት ግን እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። የሙቀት መለኪያ፣ ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል ያዙ። የልጃችሁን ክብደት እወቁ፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው በእሱ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትና አባቶች መድኃኒታቸውን ከጉዞው ቀናት አስበልጠው ይያዙ፤ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ።

በደረሳችሁበት ቀን ሦስት ነገር ጠይቁ። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት ነው? ሌሊት የሚሠራው የትኛው ነው? ባጃጅና መኪና እስከ ስንት ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ? በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ የማታ እንቅስቃሴን የሚገድብበት ጊዜ ስላለ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ባሕር ዳር ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት፤ ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን የሚታወቁ ናቸው። ደሴቶቹ ላይ ግን ይህ የለም። ዳጋ እስጢፋኖስን ወይም ናርጋ ሥላሴን ለመሳለም የጀልባው መንገድ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት ያተኮሰ ልጅ ጀልባ ላይ አይውጣ። ከወላጆቹ አንዱ ከእሱ ጋር ከተማ ይቅር። በጀልባ የምትሄዱትም የሕይወት አድን ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ ለልጆቹም በልካቸው የሚሆን ጠይቁ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ጣና ይታያል፤ ገዳማቱም ይጎበኛሉ። ልጆቻችን ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ በዓይናቸው ሊያዩት ይገባል። የምንለምናችሁ ጉዞው ቤት ስትገቡ አለቀ እንዳትሉ ነው። የተመለሳችሁበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ፤ የሚቀጥሉትን ሠላሳ ቀናት ምልክት አድርጉባቸው። በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ የሚያተኩሰው ማንም ይሁን በዚያው ቀን ይመርመር፤ መርማሪውም የት እንደነበራችሁ ከእናንተ ይስማ። በዚህ ሰሞን ከባሕር ዳር የተመለሰ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ይህንኑ ንገሩት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)